ጃዝ በሸክላ፦ የአንድ ሙዚቃና የማኅደሩ ታሪክ

ስለ ጃዝ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሌሎች የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች የማያውቁት አንድ ችግር አለበት። የአውሮፓን ጥንታዊ ሙዚቃ የሚመረምር ኖታውን ይዘረጋል፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያጠና ምልክቱንም መምህሩንም ያገኛል። ጃዝ ግን በዋነኛ ባሕርዩ በኖታ የሚያዝ አይደለም። ተጫዋቹ በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ደቂቃ ከራሱ አመንጭቶ የሚጫወተው ስለሆነ፣ ኖታ ቢጻፍለት እንኳ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው አጥንቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የጃዝ መጽሐፉ ሸክላው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሸክላ ሰብሳቢ የሚባለውም ሰው፣ ጎረቤቶቹ አሮጌ ዕቃ የሚያከማች ሥራ ፈት አድርገው ቢያዩትም፣ ማንም ሳይሾመው የቤተ መዛግብት ኀላፊ ሆኖ የሚኖር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የዚህን ማኅደር አነሣሥና ውጣ ውረድ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

«ሸክላ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ለነገሩ እጅግ የተስማማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች እንደ ገል ይሰበሩ ነበርና። ኤዲሰን በ1877 ድምፅን በጥቅል ላይ መቅረጽ ከቻለ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ኤሚል በርሊነር ግራሞፎን የተባለውን መሣሪያ አስመዘገበ። ከዚያም ጠፍጣፋው ዲስክ ጥቅሉን ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጣው። ዲስኩ የሚሠራው ላክ ከሚባል ሙጫ ነበር። ይህን ሙጫ የሚያመነጩት በህንድና በአካባቢው አገሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ሙጫው ከደቀቀ ድንጋይ ጋር ተለውሶ በሙቀት ይታተማል። ድንጋዩ ውስጡ ስላለበት የብረቱን መርፌ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ጠንቃቃ አድማጭ በእያንዳንዱ ገጽ መርፌ ይለውጥ የነበረውም ከዚህ የተነሣ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የዐሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ይህች የሦስት ደቂቃ ልክ በጃዝ ላይ ያሳደረችው ተጽዕኖ ቀላል አልነበረም። በኒው ኦርሊንስ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዜማ ተወዛዋዡ እስኪደክም ድረስ ይቀጥል ነበር፤ በቀረጻው ክፍል ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የሚናገረውን በጥቂት መስመር እንዲጨርስ ተገደደ። የዚያ ዘመን ሸክላዎች እንደ ቅኔ ተጨምቀው የሚሰሙትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከሸክላው በፊት የነበረው ሁሉ ግን ጠፍቷል። በኒው ኦርሊንስ የጃዝ አባት ተብሎ የሚነገርለት የኮርኔት ተጫዋች በዲ ቦልደን በ1907 አእምሮው ታውኮ ወደ ሕሙማን መጠበቂያ ገባ፤ እዚያው ሳለ በ1931 ዐረፈ። ከእርሱ አጨዋወት ለእኛ የደረሰ አንዲት ድምፅ እንኳ የለችም። የምናውቀው የሰሙት ሰዎች የተናገሩለትን ብቻ ነው። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ ተብሎ የሚታወቀውም በኒው ዮርክ በቪክተር ኩባንያ የተቀረጸው በየካቲት ወር 1917 ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ከኒው ኦርሊንስ የመጡ አምስት ነጮች ነበሩ። ሙዚቃውን የፈጠሩት ጥቁሮች ድምፃቸው በወጉ በሸክላ ላይ ለመስፈር ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ነበረባቸው። አንድን ማኅደር ስናነብ ማን እንደ ገባበት ብቻ ሳይሆን ማን ከበር እንደ ቀረም መጠየቅ እንዳለብን ይህ አንዱ ምስክር ነው።

በ1923 የኪንግ ኦሊቨር ጓድ በኢንዲያና ግዛት ወደምትገኘው ሪችመንድ ከተማ ሄዶ ለጄኔት ኩባንያ የተጫወተው ቀረጻ የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍ ነው። ጄኔት የአንድ ፒያኖ ፋብሪካ ክፍል ነበር። የቀረጻው ክፍል ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበረ፣ ባቡር ሲያልፍ ሥራው ይቆማል። ማይክሮፎን ገና አልመጣም፤ ተጫዋቾቹ የሚነፉት በግድግዳ ላይ ወደ ተተከለ ትልቅ ቀንድ ውስጥ ነበር። በቀንዱ ጫፍ ያለው መቅረጫ መርፌ ከድምፁ ኀይል በቀር ሌላ የሚገፋው ጉልበት አልነበረውም። ትልቁ ከበሮ ቢመታ መርፌውን ከመንገዱ ያስወጣዋልና ከበሮው እንዲቀር ይደረጋል። ሁለተኛውን ኮርኔት የያዘው ወጣት ሉዊ አርምስትሮንግ ድምፁ ከአለቃው ስለ በረታ፣ ከሌሎቹ ርቆ ከበሩ አጠገብ እንዲቆም ተደርጎ ነበር ተብሎ ይነገራል። ዛሬ ያንን ሸክላ የሚሰማ ሰው በጭረቱና በኹካታው መካከል ሁለት ኮርኔቶች አንድ ሐሳብ ተካፍለው ሲሄዱ ይሰማል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የኤሌክትሪክ ቀረጻ መጣ፤ የቀንዱም ዘመን አበቃ።

መሰብሰብ የተጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት አንዳንድ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በየሳጥኑ ሥር የተጣለውን አሮጌ ሸክላ በሳንቲም ይገዙ ነበር። በ1936 በፓሪስ ሻርል ዶሎኔ የተባለው ሰው፣ የሁለት ታዋቂ ሠዓሊዎች ልጅ፣ የጃዝ ሸክላዎችን ከነተጫዋቾቻቸው፣ ከነቀረጻ ቀናቸውና ከነቁጥራቸው የዘረዘረ መጽሐፍ አሳተመ። በሸክላው ላይ የሚታተመው የጓዱ መሪ ስም ብቻ ስለነበረ፣ ማን የትኛውን መሣሪያ እንደ ተጫወተ ለማወቅ ተጫዋቾቹን ራሳቸውን መጠየቅ አስፈላጊ ነበር። ይህ ሥራ ሲጀመር የብዙዎቹ ትዝታ ገና አልደበዘዘም። በበኩሌ ከጃዝ ታሪክ መጻሕፍት ሁሉ የማከብረው ይህን ደረቅ ዝርዝር ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ላክ ከህንድ በመርከብ የሚጫን ስለነበረና ለጦር መሣሪያም ሥራ ስለሚፈለግ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1942 ለሸክላ አሳታሚዎች የሚሰጠውን መጠን በእጅጉ ቀነሰ። ሕዝቡ አሮጌ ሸክላውን እያመጣ እንዲያስረክብ ተጠየቀ፤ የተረከበው ተፈጭቶ እንደገና ታተመ። ስንት ብርቅ ነገር በዚያ ወፍጮ እንዳለፈ መገመት አያዳግትም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር፣ ሸክላው የተጫዋቹን እንጀራ ወስዶበታልና ካሣ ይከፈለው በማለት ቀረጻን ከለከለ። ክልከላው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ጋር በስምምነት ያበቃው በ1944 መጨረሻ ነው። በሙያ ማኅበር አባልነታችን ጥያቄው ፍትሐዊ እንደነበረ አንስተውም፤ ግን ዋጋው ከባድ ሆነ። ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ አዲሱን ቢባፕ የተባለ አጨዋወት በሃርለም የምሽት ቤቶች የሚፈጥሩበት ጊዜ ይኸው ነበርና፣ የልደቱ ዘመን አብዛኛው ሳይቀረጽ አለፈ። ሸክላው በ1945 ሲከፈት አዲሱ ሙዚቃ ጥርሱን አብቅሎ ተገኘ። አድማጩ ሕዝብ በድንገት የተፈጠረ መስሎት መደናገሩ አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ ራሱ ለሚቀጥለው ዘመን መንገድ ጠረገ። የአሜሪካ ጦር ከ1943 ጀምሮ ለወታደሮቹ ሸክላ ሲልክ፣ በመንገድ እንዳይሰበር ቪኒል ከተባለው ሰው ሠራሽ ቁስ ያሳትመው ነበር። ሙዚቀኞቹም ለወታደር በነፃ ስለሚጫወቱ ማኅበራቸው ለዚህ ብቻ ፈቃድ ሰጠ። ቪኒል አይሰበርም፤ የድንጋይ ዱቄት ስለሌለበትም ኹካታው ትንሽ ነው። ከዚህ የተነሣ በጣም ቀጭን ቦይ ሊቀረጽበት ይችላል። የኮሎምቢያ ኩባንያ መሐንዲሶች ይህንኑ ይዘው በሰኔ 1948 በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ጊዜ የሚዞረውን ረጅሙን ሸክላ አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት ተፎካካሪው አር ሲ ኤ ቪክተር በ45 የሚዞረውን ትንሹን አወጣ። ይህ ትንሹ ሸክላ በኋላ ለአዲስ አበባ ትልቅ ነገር ሆኗልና ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የማኅበራችን አባላት አብዛኞቹ ከመለኪያ ጋር የሚውሉ ስለሆኑ፣ ጥቂት ቁጥር ቢጨመር ቅር እንደማይላቸው አምናለሁ። በአሮጌው ሸክላ ላይ በአንድ ኢንች ስፋት ውስጥ መቶ ያህል ቦዮች ይሰፍሩ ነበር፤ በረጅሙ ሸክላ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ይሰፍራሉ። በአንድ ገጽ ላይ ያለው ቦይ ተዘርግቶ ቢለካ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መርፌው በውጭው ጠርዝ ላይ ሲሆን በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መንገድ ይሄዳል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ግን ዙሩ ስለሚያጥር ከ21 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቀጭን ድምፅ በዚያ አጭር መንገድ ላይ ይጨናነቃል። አስተዋይ አሳታሚዎች በየገጹ መጨረሻ ረጋ ያለ ዜማ ማድረግ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ሁለት ድምፅ ያለው ስቴሪዮ በ1957 እና በ1958 ሲመጣ ደግሞ የቦዩ ሁለት ግድግዳዎች ለቀኝና ለግራ ተከፋፈሉ፤ አንዲት መርፌ በአንድ ጊዜ ሁለት ንባብ ታነባለች ማለት ነው።

ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዘው ገጽ ለጃዝ የነፃነት ዐዋጅ ሆነለት። ዱክ ኤሊንግተን በ1950 መጨረሻ ባስቀረጸው ረጅም ሸክላ፣ ቀድሞ በሦስት ደቂቃ ታፍኖ የነበረውን አንዱን ታዋቂ ድርሰቱን ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በላይ ዘርግቶ አቀረበው። ከዚያ በኋላ ሸክላው የአንድ ዜማ መያዣ መሆኑ ቀርቶ አንድ ሙሉ ሐሳብ የሚነገርበት ሆነ።

የዚህን ዘመን ጠባይ ለማወቅ ብሉ ኖት የተባለውን አነስተኛ ኩባንያ መመልከት ይበቃል። መሥራቹ ከበርሊን የተሰደደው አልፍሬድ ላየን ሲሆን፣ ኩባንያውን በ1939 በኒው ዮርክ አቋቋመ፤ የልጅነት ወዳጁ ፍራንሲስ ዎልፍም ከናዚ ጀርመን አምልጦ ተቀላቀለው። ላየን ተጫዋቾቹን ለልምምድ ቀን ጭምር ይከፍላቸው ነበር፤ ይህ በሌሎች ዘንድ ያልተለመደ ነው። ዎልፍ ካሜራ ይዞ በቀረጻው መካከል ይዞራል። ቀራጩ ሩዲ ቫን ጌልደር በሙያው የዓይን መነጽር ሐኪም ሲሆን፣ እስከ 1959 ድረስ የቀረጻ ክፍሉ በኒው ጀርሲ ሃከንሳክ ከተማ የወላጆቹ ሳሎን ነበር። ቀን ዓይን ይመረምራል፤ ከዚያ በሚተርፈው ጊዜ ማይክሮፎን ይተክላል። ከዚያ ሳሎን የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ድረስ መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል።

የብሉ ኖት ሸክላ ሰብሳቢዎች ሸክላውን ከመስማታቸው በፊት ያነቡታል። መጨረሻው ቦይና የመለያው ወረቀት በሚገናኙበት ባዶ ጠርዝ ላይ የቫን ጌልደር ስም ምልክት ተቀርጾ እንደሆነ ይፈልጋሉ። የአታሚው ፋብሪካ ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት መኖሯን በብርሃን አዘንብለው ያያሉ። ወረቀቱ ላይ የታተመው የኩባንያው አድራሻ ሌክሲንግተን ጎዳና ወይስ 63ኛ መንገድ መሆኑን ይመረምራሉ። ኩባንያው በ1966 ስለ ተሸጠ፣ ጆሮዋ የሌለችበት ሸክላ ከዚያ በኋላ የታተመ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህን ሁሉ የሚያይ እንግዳ ሰው ሙዚቃው ተረስቶ ወረቀቱ አምልኮ ሆነ ቢል አልፈርድበትም፤ አንዳንዱ ሰብሳቢ በእርግጥ እንዲያ ነው፤ ገዝቶ በላስቲክ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ አንድ ቀን አያዞረውም። ግን ይኸው ምርመራ የብራና መጽሐፍ አዋቂ ከቀለሙ፣ ከፊደሉና ከድጉሱ ዘመኑን ከሚለይበት ጥበብ በምን ይለያል?

ምርመራው ፍሬ እንዳለው ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ማይልስ ዴቪስ በመጋቢትና በሚያዝያ 1959 በኒው ዮርክ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው የኮሎምቢያ አዳራሽ ያስቀረጸው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በጃዝ ሸክላዎች ሁሉ ዘንድ እጅግ የታወቀው ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ከልኩ ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ስለነበረ፣ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ከእውነተኛው ድምፅ ጥቂት ከፍ ብሎ ታተመ። ስሕተቱ የታረመው በሌላ መቅረጫ ላይ የተያዘው ቅጂ ሥራ ላይ በዋለበት በ1992 ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች መሣሪያቸውን ከዚያ ሸክላ ጋር ሊያስማሙ ሲሞክሩ ነገሩ ለምን እንደማይገጥም ግራ ይገባቸው ነበር ማለት ነው።

ሸክላ ለብቻ መስማት የኋላ ዘመን ልማድ ነው። በጃፓን፣ ከውጭ የሚመጣው ሸክላ ለአንድ ሠራተኛ ደመወዝ የማይቀመስ በነበረበት ጊዜ፣ ሰው ቡና አዝዞ ዝም ብሎ ጃዝ የሚሰማባቸው ቤቶች ተከፈቱ። በዮኮሃማ ችጉሳ የተባለው ቤት ሥራ የጀመረው በ1933 ነው፤ በጦርነቱ ከነሸክላዎቹ ጠፍቶ ከዚያ በኋላ እንደገና ተቋቁሟል። ጨዋታ የተከለከለበት ቡና ቤት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ቢመስልም፣ የጃፓን የጃዝ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ትምህርት ቤታቸው እንዲህ ያለው ቤት ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያዊ ድምፅ በሸክላ ላይ የሰፈረው በጊዜው ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን በተላኩበት ጊዜ እዚያ አስቀርጸዋል። በአገር ውስጥ ግን ሸክላ ማሳተም በ1948 በወጣ ዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ሆኖ ቆየ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በየምሽቱ ሲጫወቱ፣ የሚጫወቱት ነገር አብዛኛው ከሬዲዮ በቀር መጠለያ አልነበረውም። ይህን የሰበረው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ነው። በ1969 ዐዋጁን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ያስቀረጸበትን ሸክላ ህንድ ልኮ አሳተመ። ያ ሙጫ ከህንድ ወደ ዓለም ሲላክ ኖሮ፣ አሁን የአዲስ አበባ ድምፅ ህንድ ሄዶ ታትሞ ተመለሰ። በኋላ ኅትመቱ በሊባኖስም ተደርጓል። አምሐ አገሩን ለቅቆ እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የማያንሱ በ45 የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ረጃጅሞች አውጥቷል። ዓሊ ታንጎ በመባል የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም ተከትሎት ብዙ ሠርቷል።

ጃዝን በኢትዮጵያ ቅኝት ላይ የመሠረተው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1943 በጅማ ተወልዶ በዌልስና በለንደን ተምሮ፣ በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት ከገቡ አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በ1966 በኒው ዮርክ ሁለት፣ በ1972 ደግሞ አንድ ሸክላ አሳተመ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ያላቸው አምስት አምስት ድምፅ ነው፤ ምዕራባዊው ስምም ግን በዐሥራ ሁለት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። ዐሥራ ሁለቱን በአምስቱ ላይ ያለ ልክ ቢጭኑበት ቅኝቱ መልኩ ይጠፋል። ሙላቱ ያደረገው ቅኝቱ ሳይሰበር የሚሸከመውን ያህል ብቻ መጫን ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ሰው በ1974 በአምሐ ሸክላ ቤት የወጣውን «የካቲት» የተባለውን ይስማ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1973፣ ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀብሎ፣ ከሙላቱም ጋር ተገናኝቶ ነበር።

«የካቲት» ሲወጣ ገበያው የዘፈን እንጂ የመሣሪያ ብቻ ሙዚቃ ገበያ አልነበረም። ጊዜውም ተለወጠ። የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አጠፋው፤ ዋልያስ ባንድ በኃይሉ መርጊያ ኦርጋን የታጀበውን «ቼ በለው» የተባለውን ረጅም ሸክላ በ1977 ካወጣ በኋላ ጥቂት ሳይቆይ ሸክላ ማሳተም ፈጽሞ ቀረ። ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ይቀዳዋል፤ ግን ይላላል፤ በላዩም ሌላ ይቀዳበታል።

በ1980ዎቹ ዓመታት ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ፍለጋውን ጀመረ። በፓሪስ ከታተመው «ኤትዮፒክስ» ከተባለው ተከታታይ ውስጥ በ1998 የወጣው አራተኛው የሙላቱ ነው። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ዜማዎቹን ሲጠቀምባቸው ስሙ በመላው ዓለም ተሰማ። ይህ መልካም ነው። ክፉው ነገር፣ በፒያሳ ሱቆች በጥቂት ብር ይሸጥ የነበረው ትንሹ ሸክላ ዛሬ በአውሮፓና በጃፓን ሰብሳቢዎች እጅ በመቶ በሚቆጠር ዶላር የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። ሰብሳቢዎቹን መውቀስ አይገባም፤ እኛ የጣልነውን አነሡ። ነገር ግን የአዲስ አበባ ተማሪ የአገሩን ሙዚቃ ዋና ቅጂ ለማየት ባሕር መሻገር ካለበት፣ ማኅደሩ ቦታውን ለቅቋል ማለት ነው።

በዓለም ገበያ ሸክላ ሞተ ከተባለ በኋላ ተነሥቷል። በ1982 የመጣው ሲዲ ቀብሮት ነበር፤ በአሜሪካ ግን በ2020 ከሸክላ የተገኘው ገቢ ከሲዲው በለጠ፤ በ2022 ደግሞ የተሸጠው ብዛትም በለጠ። ሸክላ ከዲጂታል ይልቅ የጠራ ድምፅ አለው የሚለውን ክርክር አልደግፍም፤ በኹካታ ማነስም ሆነ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ባለው ስፋት ሲዲው እንደሚበልጥ መለኪያ ይመሰክራል። የሸክላው ዋጋ ሌላ ነው፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቦታ፣ እነዚያ ሰዎች አይተው ያጸደቁት የመጀመሪያው ቅጂ እርሱ ነው።

በየቤታችን፣ በአባት ወይም በአጎት ሣጥን ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ሸክላ የሚገኝ አባል ይኖራል። ተደራርቦ ከተኛ ይጎብጣልና እንደ መጽሐፍ ይቁም። አሮጌውን የላክ ሸክላ በአልኮል ማጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ሙጫውን ያሟሟዋል። ከማጽዳት በፊት ግን በመለያው ወረቀት ላይ ያለውን ሁሉ፣ በባዶው ጠርዝ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር በብርሃን አዘንብሎ አይቶ መጻፍ ይቅደም። ወረቀቱ ሲነካ የሚለቅ ከሆነ ያ ጽሑፍ ዳግመኛ አይገኝም። በወረቀቱ ላይ ባለቤቱ በእስክርቢቶ ስሙንና የገዛበትን ቀን ጽፎ ከተገኘም እንደ እድፍ ተቆጥሮ አይፋቅ፤ እርሱም አብሮ ይመዝገብ።